ለሕያው በውኃው፣ ለሙት በድንጋዩ

ኩዌት
ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለአያ ይኸነው፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ባዝራዋስ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእመቤታችን ጥበቃ ደህና ነኝ። የእትዬ ውብአየሁን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ማረፏን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ያለቀስኩትም መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ነው፤ ማዳሟ የለቅሶ ድምፅ አትወድም።

ይህን ወረቀት አሲያ ፎቶ አንስታ ኔትወርክ በተገኘ ቀን ለወንድሟ ለሸዕባን ትልከዋለች። እሱ እንጅባራ ሱቁ ውስጥ ባለው ማሽን አትሞ ይሰጥዎታል። አሲያና እኔ አንድ ሕንጻ ላይ ነው የምንሠራው። ስልክ አልይዝም እንዳሉ ነገረችኝ፤ ሳቅሁ። ያው አያ ነዎት ብዬ።

የምጽፍልዎት ለአንድ ጉዳይ ነው። እዚህ ያለን ክርስቲያኖች ዓርብ ዓርብ በኪራይ ክፍል ተሰብስበን እንጸልያለን። ዘንድሮ ለጳጉሜን ቄስ ይመጡልናል። ጳጉሜንን በጾምና በንስሐ ቆይተን፣ በቅዱስ ዮሐንስ ማግስት ዓርብ ይቀደሳል፤ የተዘጋጀ ይቆርባል። እኔ ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ አልቆረብኩም። አዲሱን ዓመት እንደ ሰው መግባት አማረኝ፣ አያ።

ቄሱ በስልክ አንድ በአንድ ሲያነጋግሩን «ክርስትና ስምሽ ማነው?» አሉኝ። አላውቀውም አልኳቸው። «መታወቂያሽ ላይስ ማን ይላል?» አሉ። መታወቂያዬ ፋጡማ ነው የሚለው። እርስዎ ያውቃሉ፤ ደላላው ለሥራው ይቀናል ብሎ ፓስፖርቱን በዚያ ስም ነው ያወጣልኝ። «ልጄ፣ አምንሻለሁ። ግን ያልተጠመቀ አላቆርብም፤ የተጠመቀውንም ዳግመኛ አላጠምቅም። ስምሽን የሚያውቅ ሰው ከአገር ቤት ይመስክርልሽ» አሉኝ።

ክርስትና ያነሳችኝ እትዬ ናት። እናቴም አባቴም የሉም። ልጅ ሆኜ ስቆርብ ለቄሱ ስሜን የምትናገርልኝ እሷ ነበረች፤ የኔ ሥራ አፌን ከፍቼ መቆም ብቻ። «ወለተ» የሚል ይመስለኛል መነሻው፤ እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም። እርስዎ ባሏ ነዎትና አያጡትም። ስሜን ጽፈው ይላኩልኝ።

እዚህ ፋጡማ ስባል አቤት እላለሁ። የምሥራች የምትለኝ አሲያ ብቻ ናት። «እኔ ሙስሊሟ አሲያ፣ አንቺ ክርስቲያኗ ፋጡማ፤ መላእክቱ ሊምታታባቸው ነው» እያለች ትቀልድብኛለች።

የአክስትዎ የልጅ ልጅ
የምሥራች


ከሩፋኤል አጥቢያ፣ እንጅባራ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምሥራች፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጤና ያግኝሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል እንጂ ይከፈታል።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ሸዕባን «አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ እኔ ልጻፈው» ሲለኝ እምቢ አልኩት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርኩት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ዓይንሽን አንጋደሽ አንብቢ።

ስምሽን በሚመለከት፤ እንዴት አላውቀውም! ቤቴ ያደግሽ፣ ሚስቴ ያነሳችሽ ልጅ! ግን ክርስትና ስም እንደ ሽንኩርት ዋጋ በስልክ አይላክም። ከሸዕባን ማሽን ገብቶ፣ ሰማይ ለሰማይ ዞሮ፣ ማን እጅ እንደሚያድር አይታወቅም። በክርስትና ስም መድኃኒት የሚያሠራ ክፉ ሰው በየአገሩ ሞልቷል። እትዬሽም ለዚህ ነው ጮክ ብላ የማትናገረው። ጳጉሜን ይግባና በወጉ አስቤ እልክልሻለሁ። አትቸኩይ።

ክረምቱ ዘንድሮ ጉም አብዝቷል። ጧት የበረቱን በር ለማግኘት እጅ ዘርግቶ መዳበስ ነው። ድንቹ ደህና ነው። ባዝራዋ አርጅታለች፤ ሲነግሯት ግን አታምንም። ሰው «አንተስ?» ይለኛል። እኔን ተይው።

እትዬሽ ካለፈች ወዲህ ምን ጎደለህ ብለሽ ብትጠይቂኝ ድምጿ ነው። ለእራት ሦስት ጊዜ ሳትጠራኝ አልገባም ነበር። አንዴ ስትጠራኝ የሚገባ ወንድ አይደለሁም ብዬ። አሁን ሳልጠራ እገባለሁ።

አያ ይኸነው


ኩዌት
ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለአያ ይኸነው፤

እንዴት ሰነበቱ? ደብዳቤዎን አሲያ ስታሳየኝ ፊደሉን እንጂ ቃሉን ሳላነብ ነው እንባዬ የመጣው። ዓይኔን አንጋድጄ አነበብኩት።

አያ፣ አይቆጡኝና፤ ስሜን ካወቁት አሁን ይላኩልኝ። ካላወቁትም አላውቅም ይበሉኝና ሌላ ሰው ልጠይቅ። ቄሱ ጳጉሜን አንድ ይገባሉ። እስከ ቅዱስ ዮሐንስ ምስክር ካልመጣልኝ ከሚቆርቡት ጋር አይቆጥሩኝም። ከዓርብ በኋላ ይመለሳሉ፤ ሌላ ቄስ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እዚህ ሰው ድንገት ያልፋል አያ። ባለፈው ወር ከታች ፎቅ አንዲት ልጅ አለፈች፤ በመታወቂያዋ ስም ነው የሸኟት። እውነተኛ ስሟን የጠራላት ሰው አልነበረም። እኔ ፋጡማ ተብዬ መሞት አልፈልግም።

እትዬ በጳጉሜን ወደ ሩፋኤል ውኃ ስትወርድ እኔን ይዛ ነበር የምትሄደው፤ ያስታውሳሉ? ከታጠበች በኋላ ውኃውን በቅል እየቀዳች የሩቁን ሰው ሁሉ በክርስትና ስሙ ትጠራለች። በሕይወት ላለው ሰው ውኃውን መልሳ ወደ ምንጩ ታፈስሰዋለች። ላረፈው ሰው ግን በዳር ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ። «ለምን እትዬ?» ስላት «ያለው ሰው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ከውኃው ጋር ይሂድ። ያረፈው ደርሷል፤ ድንጋዩ ላይ ይረፍ» አለችኝ። እርስዎ ከላይ ባዝራዋን ይዘው ቆመው «አንቺ ሴት፣ አገሩን ሁሉ ልታጥቢው ነው?» ይሏት ነበር። እሷ አትመልስልዎትም።

አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይሳቁብኝ። ጧት ማዳሟ ሳትነሳ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው የምጸልየው። ከሰሞኑ ቧንቧውን ሳልከፍት ውኃ ሲፈስ እሰማለሁ። በግድግዳው ውስጥ። እንደ ቧንቧ የሚወርድ አይደለም፤ ይፈሳል፣ ያቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይፈሳል። ሰው በቅል እየቀዳ እንደሚያፈስሰው። ጎረቤት ነው ብዬ ነበር። አሲያን ብጠይቃት ከጎናችን ያለው ቤት ሰው ከለቀቀው ቆየ አለችኝ።

የምሥራች


ከሩፋኤል አጥቢያ፣ እንጅባራ
ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምሥራች፤

ጤና ለአንቺ ይሁን። አሳዳሪሽንም ልቧን ያራራልሽ።

አላውቀውም። ይኸው ጻፍኩት። ደስ ይበልሽ።

ያጠመቁሽ መምሬ አርፈዋል። ቄስ ፀጋው ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እሳቸው ያኔ ገና ልጅ ነበሩ። «ወለተ ማርያም ብለህ ላክላት። ከአገሩ ሴት እኩሌታው ወለተ ማርያም ነው፤ አትስትም» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «በፋጡማ መኖሯ ሳያንስ፣ መድኃኔዓለም ፊት ደግሞ በሌላ ሴት ስም ላቁማት?» አልኳቸው። «ቀልዴን ነው እኮ አያ ይኸነው» አሉ። ቀልድና ቄስነት አብረው ሲሆኑ አልወድም።

ከዚያ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። ሙሉነሽ የእናትሽ ጎረቤት ነበረች፤ ክርስትናሽ ላይ ውላለች ብለውኝ። በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ክርስትናዋን ታስታውሻለሽ ወይ ብላት «እንዴት አላስታውስም! ጠላው ቀጥኖ ነበር» አለችኝ። ስሟንስ ስላት «ስም ላይ አልነበርኩም፤ ወጥ ላይ ነበርኩ» አለች። ይሄ አንሷት ደግሞ «አንተ ባሏ ሆነህ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልጠየቅሃትም?» አለችኝ፤ ሰው በተሰበሰበበት! ቁርስ ብላ ስትለኝ ጾሜን ነኝ ብዬ ባጃጅ ያዝኩና ወደ መናኸሪያ ተመለስኩ። ጾሜን አልነበርኩም።

መንገድ ላይ አሰብኩበት። ሴትዮዋ ውሸቷን አይደለም። እትዬሽ ስም ስትጠራ ከላይ ሆኜ ድምጿን እሰማ ነበር እንጂ ያለችውን አላዳመጥኩም። ብርዱ፣ ባዝራዋ፣ ቶሎ በይ ማለቱ ነበር ሥራዬ።

ጳጉሜን ሲገባ በሷ ፋንታ ወደ ሩፋኤል ውኃ እወርዳለሁ። አሁን ሰው ሁሉ ከታች በሲሚንቶ ወደተሠራው መጠመቂያ ነው የሚሄደው፤ የላዩን ምንጭ ትተውታል። ቀርከሃው መንገዱን ውጦታል። ቢሆንም ዘንድሮ ለእትዬሽም በድንጋዩ ላይ የሚያፈስስላት ሰው የለም፤ እኔ አፈስስላታለሁ። የሷን ስም አውቀዋለሁ። የሷን እንኳ አውቃለሁ።

የግድግዳውን ውኃ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ሸዕባን ግን ሲያትመው አንብቦት ኖሮ «አባባ፣ የከተማ ቧንቧ እንዲህ ያደርጋል» አለኝ። ይሁን።

አያ ይኸነው


ኩዌት
ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ይኸነው፤ እንደምን አሉ?

በችኮላ ነው፤ አሲያ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ቄሱ ገብተዋል። ዛሬ ጾሙን ይዘናል። ንስሐ ልግባ ብላቸው «ስሙ ይምጣና በስምሽ አናዝዝሻለሁ፤ እስከ ዋዜማው እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። እውነትዎን ስለጻፉልኝ አላዘንኩም። እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ ጧት በግድግዳው ውስጥ ከውኃው ጋር ድምፅ ነበረበት። የሴት ነው። ቃሉ አይለይም። ጆሮዬን ብለጥፍ ግድግዳው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ እዚህ አገር በዚህ ሙቀት።

የምሥራች


ከሩፋኤል አጥቢያ፣ እንጅባራ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
የሩፋኤል ዕለት

ለልጄ፤

ዛሬ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው፤ የዛሬው ዝናብ በያለሽበት ይንካሽ። የምነግርሽን ተቀምጠሽ አንብቢ። እኔ በእጄ የያዝኩትን እንጂ የሰማሁትን የማምን ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ጳጉሜን አንድ ጎህ ሲቀድ ባዝራዋን ይዤ ወጣሁ። ጉሙ የባዝራዋን አንገት እንጂ ጆሮዋን አያሳይም። ከቀርከሃው አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሳብኳት፣ ሰደብኳት። ወደ ውኃው በኩል ዞራ ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትራመድም። ትቻት ወረድኩ። መንገዱን ሳልጋምስ ሴት ስትናገር ሰማሁ፤ ቀጥሎ ውኃ ሲፈስ። ጎረቤቴ እታለማሁ መስላኝ «አንቺ እታለማሁ! ወንድ እየመጣ ነው፣ ልበሺ!» ብዬ ጮህኩ። ዝም አለ። ስደርስ ሰው የለም። ሣሩ አልተረገጠም። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ግን ገና አሁን እንደፈሰሰ ውኃው እየተንጠባጠበ ነበር።

ስመለስ እታለማሁ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ እደጇ ተቀምጣለች። «ጠበል ወርደሽ ነበር?» ብላት «በዚህ እግር? አንተ ሰው፣ ብቻህን መኖሩ አልበጀህም፤ ልጆችህ ዘንድ ዳንግላ ግባ» አለችኝ። ሁሉም ዳንግላ ይለኛል።

ለቄስ ፀጋው ነገርኳቸው። «አማትብ፤ ሰይጣን በሰው ድምፅ ይጫወታል» አሉኝ። «ሰይጣን ክርስትና ስም እየጠራ ጠበል ያፈስሳል?» አልኳቸው። ይህን ጊዜ አልሳቁም።

በሁለተኛው ቀን አልወረድኩም። ድሮ ባዝራዋን ይዤ ከምቆምበት፣ ከላይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ነጋ አልነጋ ሲል ጀመረ። መጀመሪያ በአገውኛ ውኃውን አነጋገረችው፤ እትዬሽ እንዲያ ነበር የምታደርገው። ከዚያ ስሞቹን። መሐል ላይ ሳለች። ሳሏን የማላውቀው መሰለሽ? ያን ሳል ክረምት ከክረምት ስሰማው ኖሬያለሁ። ስም ትጠራለች፣ ውኃው ወደ ምንጩ ይወርዳል። ደግሞ ስም፣ ደግሞ ውኃ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያላዳመጥኩትን ትናንት አዳመጥኩት። ግን ከመካከሉ የትኛው የአንቺ እንደሆነ በምን ልወቅ? እስክትጨርስ ቆየሁና ተነሳሁ። የፈራሁ እንዳይመስልሽ። እግሬ ስለደነዘዘ ነው ቀስ ያልኩት።

ዛሬ ከቅዳሴ በፊት ሄድኩ። ዝናቡ ገና እያካፋ ነው። ስትጀምር ጠበቅኋት፤ ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ውብአየሁ! የምሥራችን ማን ብለሽ ነው ያነሳሻት?» አልኳት።

ዝም አለች። ውኃውም፣ ቀርከሃውም፣ ወፉም። ዝናቡ በጋቢዬ ላይ ሲወርድ አያለሁ፤ ድምፁ ግን የለም። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ፣ ከዚህ እስከ በረቱ በማይሆን ርቀት፣

«ሥርጉተ ማርያም» አለች።

ውኃው ወደ ምንጩ ፈሰሰ። ደግማ «ሥርጉተ ማርያም» አለች፤ ውኃው ወደ ምንጩ። ሦስተኛም። እንደ ደነዘዘ ተማሪ ነው ያስጠናችኝ። ተወልጄ ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው። ከራሴ አላወጣሁትም፤ ለዚህ እምላለሁ።

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልነሳ ስል ወደ ድንጋዩ ዞረች። የእናቷን ስም ጠራች፤ በድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። የአባቴን ስም ጠራች፤ በድንጋዩ ላይ። ከዚያ «ወልደ ሰንበት» አለች።

ወልደ ሰንበት እኔ ነኝ።

ውኃው በድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። «አንቺ ሴት፣ ተሳስተሻል! ቆሜያለሁ እኮ! በጫማዬ ቆሜያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ደግማ ጠራችኝ። ደግማ በድንጋዩ ላይ። አቤት አላልኩም። ባዝራዋን ይዤ፣ ወይም ባዝራዋ እኔን ይዛ፣ ሽቅብ ወጣን።

ምስክርነቱን በወረቀት ጽፌያለሁ፤ ከዚህ ጋር ሸዕባን ይልከዋል። ቄስ ፀጋው የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም ከመምታታቸው በፊት «ስሟን ከማን ነው የሰማኸው?» ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ከክርስትና እናቷ» አልኳቸው። አማትበው ማኅተሙን መቱት።

አያ ይኸነው


ኩዌት
ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያዬ፤

ሥርጉተ ማርያም። ሥርጉተ ማርያም። ደግሜ ደግሜ ጻፍኩት። ሳነበው የመቅደሱ በር ታየኝ፤ የእትዬ እጅ ከኋላ ትከሻዬን ሲገፋኝ፣ ከጆሮዬ በላይ «ሥርጉተ ማርያም» ስትል። እሱው ነው አያ። ስሜ ነው። ወለተ አልነበረም። አሲያ ሳለቅስ አይታ «ምን ሆንሽ ፋጡማ?» ብትለኝ «ፋጡማ የለችም» አልኳት። እሷም አለቀሰች፤ ምኑም ሳይገባት።

ወረቀቱን ለቄሱ አሳየኋቸው። ማኅተሙን አዩ፣ የእርስዎን ፊደል አዩ። «ይህን የጻፉት ሰውዬ የሚዋሹ አይመስሉም» አሉኝ። ንስሐ ገባሁ። ዓርብ እቆርባለሁ።

አሁን ግን የምለምንዎትን ይስሙኝ። ሁለተኛ ወደዚያ አይውረዱ። ልታጠብም ካሉ ከሰው ጋር ከታች ይታጠቡ። ወይም እታለማሁ እንዳለችው ዳንግላ ይግቡ። በግድግዳዬ ውስጥ የምሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ፤ የእትዬ ስለሆነ ለራሴ አልፈራም። ለእርስዎ ግን ፈራሁ። እኔ ስሜን ያገኘሁት እርስዎን አጥቼ እንዲሆን አልፈልግም። ከጠራችዎትም አቤት አይበሉ። እባክዎን አያ፣ በዚህ አንድ ነገር ላይ እንኳ ግትርነትዎ ይጥቀመኝ።

ሥርጉተ ማርያም
(የምሥራች)


ከሩፋኤል አጥቢያ፣ እንጅባራ
ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ

ለልጄ ለሥርጉተ ማርያም፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሸዕባን ራሱ በሞተር አመጣልኝ፤ ለበዓሉ ብሎ ስኳርም ጨምሮ። ጥሩ ሰው ነው፣ ነገር ማንበብ ያበዛል እንጂ። «አባባ፣ ልጅቷ ትክክል ብላለች፤ ነገ አይውረዱ» አለኝ። «አንተ ደግሞ የማንን ጾም ይዘህ ነው?» አልኩት። ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ዛሬ ጧት አልሄድኩም። ያልሽኝን ሰምቼ ነው። ቤት ሆኜ ግን ምን ሠራሁ? ተቀምጬ ጆሮዬን ወደዚያ ቀሰርኩ። ከዚህ እስከ ውኃው ሰው ቢጮህ አይሰማም። እኔ ግን ሰማሁ። እራት ስትጠራኝ የምትጠራበት ድምፅ ነው። አትቆጣም፣ አታለቅስም። የቀዘቀዘ ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ና በቃ የምትል ዓይነት።

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ያችን ሴት ሦስት ሦስት ጊዜ አስጠርቻታለሁ። በበር ላይ ቆማ ስትጠራኝ ከበረቱ ሆኜ እየሰማኋት ዝም እላት ነበር። አሁን ደግሞ ከሞተች በኋላ በብርዱ ቆማ ልታስጠራኝ ነው?

ቄስ ፀጋው ዘንድ ሄጄ ንስሐዬን ጨረስኩ። እሳቸውም ለቅዳሴ ቅደም አሉኝ እንጂ ወደ ውኃው አትሂድ አላሉኝም። ጋቢዬን አጥቤ በእሳት ዳር አድርቄዋለሁ። ባዝራዋን እታለማሁ ደጅ አሰርኳት፤ ነገ ከበዓል ሰው ጋር እንዳትደናበር። እታለማሁ «ጉድ ነው፣ ዛሬ ምን ነክቶህ ነው እንደ ሰው የምታመሰግነኝ?» አለችኝ። አዲስ ዓመት ነዋ አልኳት።

ነገ ጎህ ሲቀድ እንደ አገሩ ደንብ ታጥቤ ዘመኑን እገባለሁ። ለአንቺ አንድ ቅል ወደ ምንጩ አፈስስልሻለሁ፤ በስምሽ። ለሷ በድንጋዩ ላይ። የኔን እሷ ታውቃለች።

የኔን ስም ነግሬሻለሁ፤ ያዢው። የአንቺ እንደጠፋ የኔም እንዳይጠፋ። ወልደ ሰንበት ነው።

ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም ያሸጋግርሽ። ዓርብ ስትቆርቢ እትዬሽን አስቢያት።

አያ ይኸነው


ኩዌት
መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ይኸነው፣ ለወልደ ሰንበት፤

እንኳን አደረስዎት። እንዲህ ብዬ መጀመር አለብኝ፤ ሌላ መጀመሪያ እጄ እምቢ አለኝ።

ትናንት ቆረብኩ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን ራሴ ተናገርኩ።

የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት የሆነውን ግን ልንገርዎት። ጎህ ሲቀድ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ግድግዳው ቀዝቅዞ ነበር። የእትዬ ድምፅ እንደ ሌላው ቀን ከሩቅ አልመጣም፤ ከአጠገቤ ነው የመጣው። «ወልደ ሰንበት» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛ አልጠራችም፤ ምክንያቱም የወንድ ድምፅ «አቤት» አለ። ሳይዘገይ። እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቼዎት አላውቅም አያ፤ ግን የእርስዎ ነው።

ከዚያ ሁለታችሁም አንድ ላይ «ሥርጉተ ማርያም» አላችሁ። ውኃ ሲፈስ ሰማሁ፤ ብዙ ውኃ፣ ወደ ውኃ ሲወርድ። ቀጥሎ ትንሽ ውኃ ፈሰሰ፤ በምን ላይ እንደፈሰሰ ጆሮዬን ለጥፌም አልለየሁትም። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ዝም ብሏል። ሙቀቱም ተመልሷል።

አሲያ ለሸዕባን ብትደውል ብትደውል ኔትወርክ የለም። ትናንት ማታ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠባት። «አንስቶ ነበር፤ ግን ዝም አለ» አለችኝ። ኔትወርኩ ነው፣ አይደል አያ?

ከቅዳሴው በፊት ቄሱ የቤተሰቦቻችንን ስም እንድንሰጥ ጠይቀውን ነበር። የእትዬን ሰጠሁ። ቀጥዬ ወልደ ሰንበት አልኩ። «በሕይወት ካሉት ነው፣ ወይስ ካረፉት?» አሉኝ። ሰልፉ ከኋላዬ ቆሟል። «አላውቅም አባቴ» አልኳቸው። አዩኝ፤ ሌላ አልጠየቁኝም። ስምዎን በየትኛው ወገን እንደጠሩት አልሰማሁም።

ይህ ወረቀት ሲደርስዎት ሸዕባንን «ነገር ማንበብ አበዛህ» ብለው ይቆጡልኝ። ከዚያ በእጅዎ ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ቢንጋደድም ዓይኔን አንጋድጄ አነበዋለሁ።

እስከዚያው ጧት ጧት በኩባያ ውኃ ቀድቼ ስምዎን እጠራለሁ። የት እንደማፈስሰው ግን አላውቅም። ይዤው እቆማለሁ፤ ማዳሟ ፋጡማ ብላ እስክትጠራኝ ድረስ።

ሥርጉተ ማርያም